ጆሮው ምልክት የለውም እንዴ?

የአዲስ አበባን ባለመኪና መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ላይ ለመለየት ታርጋ ማየት አያስፈልግም። ከጣርማ በር ወደ መሀል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያቆማል፤ ይወርዳል፤ ነፋሱ ሲገርፈው ጋቢውን ይደርባል። ከዚያ ማንም ሳያዘው ወደ መኪናው ዞሮ ሁለቱን ስፖኪዮዎች ወደ ውስጥ አጥፎ ያስገባቸዋል። በሩን ይቆልፋል። እጀታውን ስቦ ያረጋግጣል። ጥቂት ራቅ ካለ በኋላም ቁልፉን ወደ ኋላ ቀስሮ አንድ ጊዜ ደግሞ «ጲጥ» ያደርጋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ በሚለው ሜዳ ላይ፣ ሣር፣ ጅብራና ጭጋግ በሞላበት፣ ስፖኪዮ የሚገጥም ቀርቶ የሚጠይቅ ሰው በማይገኝበት ቦታ ነው።

በአካባቢው የሚታዩት ተጠርጣሪዎች ጭላዳዎች ብቻ ናቸው። ጭላዳ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቱ እየመረጠ ሲነጭ የሚውል፣ ከመኪና ጋር ምንም ክርክር የሌለው ፍጡር ነው። ከእነሱ ወገን እንኳን ስፖኪዮ ፈልጎ የመጣ ቢኖር የራሱን መልክ አይቶበት ይመለስ ይሆናል እንጂ ነቅሎ የሚሸጥበት ተራ የለውም። ባለመኪናው ግን ይህን ሁሉ ቢያውቅም አይጽናናም። ሸገር ልቡ ውስጥ አብራው መጥታለች።

እኔም እንደ ወገኖቼ ስፖኪዮዬን አጣጥፌ ሳበቃ፣ በግ ያሰማሩ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ሲመለከቱኝ ቆይተው ኖሮ ቀረብ አሉ።

«ጌታው፣ የመኪናዎን ጆሮ ምነው አጣጠፉት? በረደው?»

«አይ አባቴ፣ ሌባ እንዳይነቅለው ብዬ ነው።»

«መኪናውን ትቶ?»

«አዎ፤ መኪናውን ትቶ።»

አዛውንቱ ነገሩን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። ቀጥለው «የኛ አገር ሌባ እንኳ ይሻላል» አሉ። «በጉን ይወስድና ጆሮውን ይጥለዋል። ምልክቱ እዚያ ላይ ነዋ! የእናንተ በጉን ትቶ ጆሮውን ከወሰደ... ጆሮው ምልክት የለውም እንዴ?»

ይህን ጥያቄ የጠየቁት ሰው መኪና ነድተው የማያውቁ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ባለመኪና፣ ብዙ የኢንሹራንስ ሠራተኛና ብዙ መርማሪ ዙሪያውን ሲዞረው የሚውለውን ነገር አናቱን ብለውታል።

እስቲ መኪናን በሌባ ዓይን እንየው። ከሁሉ የከበደ ዋጋ ያለው ሞተሩ ነው። ሌባ ግን ሞተር አይነቅልም። ሞተር ለማውረድ ጋራዥ፣ ካቴና፣ ሁለት ሦስት ጎረምሳና ግማሽ ቀን ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ሌላ ችግር አለ፤ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ የሻንሲውም እንደዚሁ። ቁጥር ያለው ዕቃ ደግሞ ባለቤቱን አይረሳም። ካምቢዮ ከባድ ነው፤ ሥር ተኝቶ መፍታት ይጠይቃል። መሪ ለመንቀል መኪናው ውስጥ መግባት ግድ ነው። ስለዚህ ሌባው ባለሙያ እንደ መሆኑ ዓይኑን ወደ ዳር ዳር ይወረውራል፤ ወደ ስፖኪዮ፣ ወደ ፍሬቻ፣ ወደ ስኮርታ ጎማ፣ ሲመቸው ደግሞ ወደ ባትሪ።

ሮናልድ ክላርክ የሚባሉ እንግሊዛዊ የወንጀል ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአገራቸው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ባዘጋጁት ጽሑፍ፣ ሌባ የሚወደው ዕቃ ስድስት ጠባይ እንዳለው ዘርዝረዋል። የሚደበቅ ነው፤ የሚነሣ ነው፤ በየቦታው የሚገኝ ነው፤ ዋጋ ያለው ነው፤ ሰው ደስ ብሎት የሚይዘው ነው፤ በመጨረሻም ቶሎ የሚሸጥ ነው። ሊቁ ይህን ያህል የደከሙበትን መስፈርት የኛ ሰፈር ሌባ ትምህርት ቤት ሳይሄድ ያውቀዋል።

ስፖኪዮን በዚህ ሚዛን እናስቀምጠው። ይደበቃል፤ ጃኬት ሥር ገብቶ ሰው ሆድ ያወጣ ይመስላል እንጂ አያስጠረጥርም። ይነሣል፤ ቁልፍም ጉልበትም ሳይፈልግ አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ነው። ይገኛል፤ እዚህ ከተማ ከቪትዝና ከኮሮላ ሌላ ላይ ዓይን አያርፍም፤ የአንዱ ስፖኪዮ ለብዙ ሺሁ ይሆናል። ዋጋ አለው። ሰው ደስ ብሎት ይይዘዋል ወይ ከተባለ፣ ስፖኪዮን ታቅፎ የሚተኛ ሰው አላየሁም፤ ግን የሌለው ሰው ምን ያህል እንደሚከፋ አይቻለሁ። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ደግሞ ስፖኪዮ ተወዳዳሪ የለውም። ምክንያቱም ገዢውን ራሱ ይፈጥራል። ጠዋት ስፖኪዮው የጎደለበት ሰው ከሰዓት በኋላ ገበያ ላይ ነው። ያለ ስፖኪዮ መንዳት አደጋ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስም አያልፈውም፤ አዲሱን ከውጭ አስመጣለሁ ቢል ወር ይጠብቃል። በዓለም ላይ ዕቃውን ሰርቆ እዚያው ደንበኛን የሚያፈራ እንዲህ ያለ ንግድ ብዙ አይገኝም።

ዘመን ሲለወጥ የሌባውም ምርጫ ይለወጣል። ቴፕ ንጉሥ በነበረበት ጊዜ ሌባው መስታወት ሰብሮ ይገባ ነበር። ያኔ ባለመኪናው የቴፑን ፊት ነቅሎ ኪሱ ይከትና ሠርግ ቤት ይገባል፤ ለቅሶ ቤትም ይዞት ይቀመጣል፤ ኪሱ አብጦ ያየ ሰው ገንዘብ ይመስለው ነበር። ዛሬ ሙዚቃው ሁሉ ስልክ ውስጥ ስለገባ ቴፕን የሚመኝ ጠፋ። ሌባውም ሙያውን አሻሻለ። የቴፕ ስርቆትን ያጠፋው ፖሊስም ስብከትም አይደለም፤ የገዢ መጥፋት ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ፈረንጅ አገርም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። እዚያ የሚፈለገው ከመኪናው ሥር፣ ከማርሚታው ጋር ተያይዞ ያለው የጭስ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ማዕድናት አሉ፤ የሮዲየም ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ወራት ከወርቅ ከአሥር እጥፍ በላይ ደርሶ ነበር። ሌባው መጋዝ ይዞ መኪናው ሥር ይገባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቆርጦ ይወጣል። በተለይ የሚወደው ፕሪየስን ነው፤ ፕሪየስ በኤሌክትሪክም ስለሚሄድ ማጣሪያው ብዙም አይጎዳም። ዋሽንግተን አካባቢ ፕሪየስ ይዞ እንጀራውን የሚጋግር ወገናችን ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ ድምፁ እንደ አይሱዙ አጓርቶ ጎረቤት ከቀሰቀሰ፣ ሌሊቱን ምን እንደሆነ ሳይወርድ ያውቀዋል። የማዕድኑ ዋጋ ሲወርድ ታዲያ የሌባውም ፍቅር ቀዘቀዘ። ጎረቤታችን ናይሮቢም ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ግሮጋን የሚሉት የመለዋወጫ ሰፈር አለ። ከተማው በሙሉ ስለ ሰፈሩ የሚያወራው ቀልድ አንድ ነው፤ ጠዋት ስፖኪዮህ ከጠፋ ከሰዓት በኋላ እዚያ ሄደህ የራስህን ትገዛለህ።

እኛም የራሳችን አለን። ሶማሌ ተራን ያላየ፣ ምናለሽ ተራን ያልረገጠ ባለመኪና የለም። ስማቸውን ስጠራ ነጋዴውን ማማቴ አይደለም፤ አብዛኛው ደረሰኝ ቆርጦ፣ ግብር ከፍሎ የሚያድር ሰው ነው። ግን ገበያ ሰፊ ሲሆን ቀዳዳውም ይሰፋል። የቅርቡ ዘመን ደግሞ ቀዳዳውን ይበልጥ አሰፋው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ መቶውን አለፈ። ስለዚህ ያለችው አሮጌ መኪና መጦር አለባት፤ የምትጦረው ደግሞ በመለዋወጫ ነው፤ መለዋወጫው በዶላር ይመጣል። እንግዲህ ከመንገድ ዳር የቆመች አሮጌ ኮሮላ በሌባው ዓይን ገንዘብ የሚያወጡ ክፍሎች ተደርድረው የተቀመጡባት መደርደሪያ ሆነች። የኤሌክትሪኮቹን አዳዲስ መኪናዎች ገና እያጠናቸው ይመስለኛል፤ ጥናቱን ሲጨርስ ውጤቱን እናየዋለን።

አሁን ወደ ጓሳ እንመለስ፤ ምክንያቱም የሌባውን ዘዴ ከዚያ የተሻለ የሚያስተምር ሜዳ የለም። ቀይ ቀበሮ እዚያ ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ጓሳ ላይ ለዓመታት የተቀመጡ አጥኚዎች እንዳስተዋሉት፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ በሚነጩ ጭላዳዎች መሐል ገብቶ ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቱ ይሳካለታል። እንደሚገመተው መንጋው ሲንጫጫ፣ ሲረግጥና ሲነጭ አይጦቹ ይደነጋገራሉ፤ ቀበሮውን ለይተው ማየት ያቅታቸዋል። ቀበሮው ደግሞ ጭላዳዎቹ እንዳይሸሹት ይመስላል የእነሱን ግልገል ብዙ ጊዜ አይነካም፤ ዝግ ብሎ፣ ጨዋ ሆኖ በመሐላቸው ይሄዳል።

ይህን ያነበበ የሜክሲኮ አደባባይ ወይም የመገናኛ ባለመኪና ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ በቆመበት ሰዓት፣ ጡሩምባ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ማስቲካ ሻጭና ለማኝ በተቀላቀሉበት መሐል አንድ ጨዋ ወጣት ዝግ ብሎ ይሄዳል። ለማንም መንገድ ይለቃል፤ ምናልባትም «ይቅርታ» ይላል። ባለመኪናው ዓይኑ የፊቱን አይሱዙ ሲጠብቅ፣ በቀኝ በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ዞር ሲል ስፖኪዮው የነበረበት ቦታ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ወርዶ እንዳያሳድድ መኪናው መሐል መንገድ ላይ ነው። ከኋላው ያለው ሰው ደግሞ ስላዘነለት ሳይሆን መንገዱ ስለተከፈተ ጡሩምባ ይነፋበታል።

አባቶቻችን ለሌባ መድኃኒት አጥተው አያውቁም። በመንዝና በሌላውም የአማራ አገር አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበር። ዕቃ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰብና ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻ ያለው እርሻው ይቀራል፤ ከብት ያለው ከብቱ ይጮኻል፤ ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን ያወጣል። ይህን ሳስብ አዲስ አበባ የአውጫጭኙን ግማሽ ሳታውቀው እንደ ወረሰችው ይታየኛል። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ታግቶ ይውላል፤ እርሻውም ሥራውም ይቀራል፤ ሌባው ብቻ አይወጣም። እንዲያውም ከታገቱት መሐል እየተዘዋወረ ሥራውን የሚሠራ እሱ ብቻ ነው።

ሌላውም መድኃኒት ሌባሻይ ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣና በወገቡ በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ያሸታል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ስንት ምስኪን ያስከፈለ ሥርዓት ስለሆነ መቅረቱ ደግ ነው። ግን ለክርክር ያህል ዛሬ ሌባሻዩን ብንለቀው የት ይወድቃል? ከአደባባዩ ተነሥቶ፣ ወጣቱን ተከትሎ፣ ወደ ተቀባዩ ይገባል፤ ከተቀባዩ ወደ ደላላው፤ ከደላላው ወደ አንዲት ጠባብ ሱቅ። ከሱቁ ወጥቶ ደግሞ ዘጭ የሚለው የአንድ የተከበሩ ሰው ግቢ ውስጥ ነው። የዕድር ዳኛ ይሆናሉ፤ አስተማሪ ይሆናሉ፤ የሰንበቴ ሊቀ መንበር ይሆናሉ። ባለፈው ቅዳሜ ስፖኪዮ በግማሽ ዋጋ ገዝተዋል። «ከየት መጣ?» አላሉም። «ያለ ደረሰኝ ስንት ይሆንልኛል?» ነው ያሉት።

እኚህ ሰው የሰው በግ ከገበያ በግማሽ ዋጋ ቢያመጡላቸው ይገዛሉ? አይገዙም፤ ያፍራሉ። የተሰረቀ ሞተር ቢያቀርቡላቸው ፖሊስ ይጠራሉ። ስፖኪዮ ሲሆን ግን ከሌባ እንደ ተቀበሉ አይሰማቸውም፤ ሸመታ ወጥተው የረከሰ ዕቃ አግኝተው እንደ ተመለሱ ነው የሚሰማቸው። ሌባው ይህን ያውቃል። በእኔ ግምት ሌባ አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያስመርጠው ሰባተኛ መስፈርት አለ፤ ሊቁ ያልጻፉት። እኛ ለመግዛት የማናፍርበትን ዕቃ ይመርጣል። የወንጀል ሕጋችን ግን አያፍርልንም። በ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 665 ስርቆትን ይቀጣል፤ አንቀጽ 682 ደግሞ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም መጠርጠር ሲገባው የተቀበለውን፣ የገዛውን፣ ያስቀመጠውን ሰው ይቀጣል። «መጠርጠር ሲገባው» የምትለዋ ቃል ስንቱን ጨዋ ሰው እንደምትጠራው እያሰብኩ እስቃለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቄን እቀንሳለሁ።

ጓሳ ላይ ነገሩ እንዴት ነበር? ያ ሜዳ እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ሳይመኘው ቀርቶ አይደለም። የጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፤ ገመድ ይሆናል፤ ለብዙ ነገር ይፈለጋል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሁለቱ የአካባቢው አባቶች፣ የአስቦና የጌራ ዘሮች ሜዳውን ተካፍለው፣ አለቃ መርጠውና ሕግ አውጥተው ይጠብቁት ነበር። ሣሩ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፤ ከብትም አይገባም። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ካፈረሰው በኋላ ሜዳው ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ በኋላ የአካባቢው ሰው ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ያዘው፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

የጓሳ ሣር በሌባ መስፈርት ሲመዘን ወዲያው ይወድቃል። አይደበቅም፤ ሸክሙ ከሰውየው ይበልጣል። ተሸክሞ ቢያመልጥ እንኳ የሚያደርገው ምን አለ? ቤቱን ይከድንበታል። ሜዳው በተዘጋበት ዓመት ጣራው ላይ ትኩስ ክዳን ያለበት ጎጆ ደግሞ ያለ ሌባሻይ፣ ያለ መርማሪ ራሱን ይናገራል። መንገደኛው ያየዋል፤ ጎረቤት ያየዋል፤ ቅዳሴ የሚሄደው ሁሉ ያየዋል። ቢሸጠውም የሚገዛው ሰው በራሱ ጣራ ላይ ተሸክሞት ሊኖር ነው። ስለዚህ ገዢ የለም፤ ገዢ ከሌለ ደግሞ ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል እንጂ ሣር አያጭድም።

የተሰረቀ ዕቃ ራሱን እንዲናገር ማድረጉን አሜሪካኖች በሌላ መንገድ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ሕግ ሌባ በሚወዳቸው መኪናዎች ላይ ሞተሩ ብቻ ሳይሆን ካምቢዮው፣ በሩ፣ ፓራፋንጎው፣ ኮፈኑ ሳይቀር ቁጥር እንዲታተምበት አዘዙ። በመንዝ ቋንቋ በጉ ብቻ ሳይሆን ጆሮው፣ ላቱና ቀንዱ ሁሉ ምልክት ይኑረው ማለት ነው። በኛም ከተማ ብልህ ባለመኪና ታርጋ ቁጥሩን ስፖኪዮው መስታወት ላይ ያስቀርጻል፤ አንዳንዱም በብረት ያስበይደዋል። አዛውንቱ ይህን ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር። ግን ምልክት ያለበት ጆሮ የሚጠቅመው ገበያ ላይ «ይህ የማን ነው?» ብሎ የሚያነብ ሰው ካለ ብቻ ነው። ቁጥሩን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ የሚያጠፋ ሻጭና ቁጥሩ የጠፋበትን ቦታ አይቶ «ትንሽ ተጭሯልና ዋጋ ቀንስ» የሚል ገዢ ሲገናኙ፣ ምልክቱ መደራደሪያ ከመሆን አያልፍም።

ስለዚህ ለከተማችን የጓሳን ሕግ አቀርባለሁ። ያገለገለ ስፖኪዮ ገበያ ለሦስት ዓመት ይዘጋ። ማንም አይግዛ፤ ማንም አይሽጥ። በተዘጋው ዓመት ስፖኪዮው ከሌላው መኪናው አዲስ የሆነ ሰው ለሰፈሩ ዕድር ቀርቦ ያስረዳ። ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ሦስት ዓመት ያለ ስፖኪዮ እንዴት ይነዳል?» ይባላል። ትራፊክ ፖሊስም የሚለው አያጣም። ታክሲ ነጂዎች ግን አይቃወሙም፤ አንዳንዶቹ ስፖኪዮ ኖራቸው አልኖራቸው አነዳዳቸው ላይ የሚለወጥ ነገር ያለ አይመስልም።

ሐሳቤ በጉባኤ እስኪጸድቅ ድረስ ደግሞ ትንሽ ነገር እናድርግ። ስፖኪዮ የጎደለበት ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሻጩን «ይህ የማን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ ቢቆጣ ጥሎት ይሂድ። ሻጩ እውነተኛ ሆኖ «የእርስዎ ነበር» ካለው ግን ቢያንስ ልኩ መሆኑን መለካት አያስፈልገውም።